ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅና የምስጋና ሕይወት

በሀገራችን ሁለት ሰዎች ሲገናኙ እንደምን አደርህ፣ እንደምን ዋልሽ ተባብለው ሳይጨርሱ እግዚአብሔር ይመስገን የሚለው ቃል ከአፋቸው ይወጣል። ጤነኛው ይለዋል፤ ታማሚው ይለዋል፤ ጠግቦ ያደረውም ሳይበላ ያደረውም እኩል ይለዋል። በቅርቡ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የውይይት ሰዓት አንዲት እኅታችን በዚህ ነገር ላይ ጥያቄ አነሣች። እናቷ ከታመሙ ወራት አልፈዋል። እርሷ ግን ደኅና ነሽ ወይ ባልናት ቍጥር እግዚአብሔር ይመስገን ስትለን ከርማለች። ልቤ እያለቀሰ አፌ የሚያመሰግን ከሆነ ይህ ግብዝነት አይደለም ወይ ስትል ጠየቀችን። በዕለቱ ብዙ ተናገርን፤ የሚያጠግብ መልስ ግን አልሰጠናትም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ጥያቄው በልባችን ስላደረ ነው። መልሱን ከራሳችን ከማውጣት ይልቅ ምስጋናን በቃልም በኑሮም ያስተማረንን የአንድ አባት ሕይወት መመልከትን መረጥን። እርሱም ቤተ ክርስቲያናችን ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱን በስሙ የምትጠራለት፣ ስለ ትምህርቱም ጣዕም አፈወርቅ የተባለው ቅዱስ ዮሐንስ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቅዱስ ዮሐንስ በ347 ዓ.ም. ገደማ በአንጾኪያ ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ ዛሬ በቱርክ ሀገር ውስጥ ትገኛለች። አባቱ ሰኩንዶስ በመንግሥት ሥራ ከፍ ያለ ቦታ የነበረው ሰው ቢሆንም ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ አንቱሳ በዚያን ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት ነበረች። ሌላ ባል አላገባችም፤ የባሏን ሀብት ከሚሻሙባት ሰዎች ጋር እየታገለች ልጇን አሳደገች፣ ከታላላቅ መምህራንም ዘንድ አስተማረችው። ዮሐንስ ራሱ እንደ ጻፈው፣ መምህሩ አረማዊ ሆኖ ሳለ እናቱ 40 ዓመቷ እንደ ሆነና ከእነዚህም 20ውን በመበለትነት እንደ ኖረች በሰማ ጊዜ በክርስቲያን ሴቶች ጽናት እጅግ ተደንቋል።

ዮሐንስ ትምህርቱን ሲጨርስ ገዳም ለመግባት አሰበ። እናቱ ይህን ባወቀች ጊዜ እጁን ይዛ እርሱን ወደ ወለደችበት አልጋ ወሰደችው፤ አጠገቧም አስቀምጣ እያለቀሰች፣ እርሷ በሕይወት እስካለች ድረስ ዳግመኛ መበለት እንዳያደርጋት ለመነችው። እርሱም ልመናዋን ሰምቶ ለጊዜው ከቤቷ ተቀመጠ። እኛ ወጣቶች ስለ ምስጋና ስናስብ አስቀድመን ወደ ሰማይ እንመለከታለን። እግዚአብሔር ግን ብዙውን ስጦታውን በእናትና በአባት እጅ ይልክልናልና ምስጋና የሚጀመረው በቤት ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ዮሐንስ ወደ ተራራ ወጥቶ አራት ዓመት በአንድ ሽማግሌ መነኩሴ ሥር፣ ሁለት ዓመት ደግሞ በዋሻ ውስጥ ለብቻው ኖረ። እንቅልፉን እየቀነሰ፣ ምግቡን እየነሣ ቅዱሳት መጻሕፍትን አጠና። ብርዱና ጾሙ ግን ሆዱንና ኵላሊቱን ጐዱት። ታሞ ወደ ከተማ ተመለሰ፤ ሕመሙም እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። ስለዚህ ዮሐንስ ስለ ምስጋና ሲያስተምር የኖረው እንደ ልቡ በልቶ እንደ ልቡ የሚተኛ ሰው ሆኖ እንዳልነበረ ልብ እንበል።

በ381 ዓ.ም. ዲቁናን፣ በ386 ዓ.ም. ደግሞ ቅስናን ተቀበለ። በአንጾኪያ 12 ዓመት ሰበከ። ምእመናኑ ማዕድ ሲቀርብና ሲነሣ ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ሆነው በመዝሙር እንዲያመሰግኑ ይመክራቸው ነበር። እግዚአብሔር የእኛ ምስጋና የሚያስፈልገው ሆኖ ሳይሆን፣ ምስጋናው እኛን ወደ እርሱ ስለሚያቀርበን እንደ ሆነም ያስረዳቸው ነበር። ነገር ግን በዚህ አልተወሰነም። በማዕዱ ላይ ያመሰገነ ሰው በደጁ የቆመውን ድኻ ቢረሳ ምስጋናው ጐዶሎ መሆኑን ይነግራቸው ነበር። የቤተ ክርስቲያንን ግድግዳ በወርቅና በሐር አስጊጦ ክርስቶስን በድኻው አካል ራቁቱን በብርድ መተው ምን ይጠቅማል እያለ ይወቅሳቸው ነበር። የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን በዚያን ዘመን በየዕለቱ ወደ 3000 የሚሆኑ መበለቶችንና ደናግልን ትረዳ እንደ ነበር ከራሱ ስብከት እናውቃለን።

በ387 ዓ.ም. አንጾኪያን ታላቅ ጭንቀት ያዛት። አዲስ ግብር በመጣሉ ሕዝቡ ተቈጥቶ የንጉሡን የቴዎዶስዮስንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ጥሎ ሰባበረ። ቍጣው ሲበርድ ሁሉም ደነገጠ፤ ይህ በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበርና። ሽማግሌው ጳጳስ ፍላብያኖስ ምሕረት ለመለመን ወደ ቁስጥንጥንያ ገሠገሠ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፤ ዮሐንስም ፈርቶ የተሰበሰበውን ሕዝብ በተከታታይ ስብከት አጽናና። ለፋሲካ የንጉሡ ምሕረት ደረሰ። ዮሐንስ በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ከጭንቀቱ ስለ ወጡ ብቻ ሳይሆን፣ ልባቸውን ወደ እግዚአብሔር ስለ መለሰላቸው ስለ ጭንቀቱም ጭምር እንዲያመሰግኑ አስተማራቸው። እንዲህ ያለውን ትምህርት መስጠት ቀላል ነው እንል ይሆናል። ነገር ግን መምህሩ ራሱ የሚፈተንበት ቀን እየቀረበ ነበር።

በ397 ዓ.ም. የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ በማረፉ ዮሐንስ ሳያስበው ለዚያ መንበር ተመረጠ። የአንጾኪያ ሕዝብ ሁከት እንዳያነሣ በምስጢር ወሰዱት፤ በ398 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ከመንበሩ ሀብት የቅንጦት ዕቃውን አስሸጦ፣ ወጪውን ቀንሶ፣ ለበሽተኞች ማረፊያ ሠራ፤ ድኾችን ረዳ። ግብዣ ስለማያደርግና ሆዱን እየታመመ ለብቻው ስለሚበላ መኳንንቱ አልወደዱትም። የባለጠጎችን ስስትና ዘረፋ በዐውደ ምሕረት ላይ ሲገሥጽ ደግሞ ንግሥቲቱ አውዶክስያ ነገሩ እኔን የሚነካ ነው ብላ ተቈጣች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድናስተውል እንወዳለን። በሁሉ ማመስገን ማለት ግፍን አይቶ ዝም ማለት የሚመስላቸው አሉ። ድኻው በድኽነቱ ያመስግን፣ የተበደለውም በመበደሉ ዝም ይበል የሚሉ አሉ። ዮሐንስ እንዲህ አላደረገም። ስለ ራሱ ሕመም እያመሰገነ፣ ስለ ድኻው መበደል ግን ይጮኽ ነበር።

በ403 ዓ.ም. በኬልቄዶን አጠገብ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ዮሐንስን ከመንበሩ እንዲወርድ ፈረዱበት። ተሰዶ ሳይርቅ ተመለሰ፤ ሕዝቡም በደስታ ተቀበለው። ሰላሙ ግን ብዙ አልቈየም። በ404 ዓ.ም. በትንሣኤ ዋዜማ ሌሊት ወታደሮች የጥምቀት ሥርዓት በሚፈጸምበት ስፍራ ገብተው ሊጠመቁ የተዘጋጁትን በታተኑ፤ ደም ፈሰሰ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ዮሐንስ ከከተማይቱ ለመጨረሻ ጊዜ ወጣ። በትኩሳት እየተቃጠለ ወደ 70 ቀን ያህል ተጕዞ በአርማንያ ተራሮች መካከል ወደምትገኝ ኩኩሶስ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ደረሰ።

በስደት ሳለ የጻፋቸው ከ200 የሚበልጡ ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ አሉ። ከእነዚህ 17ቱ በቁስጥንጥንያ ለነበረችው፣ ሀብቷን ለድኾች ለሰጠችው ለዲያቆናዊት ኦሊምፒያስ የተላኩ ናቸው። የእኅታችንን ጥያቄ የመለሱልን እነዚህ ደብዳቤዎች ናቸው። ዮሐንስ በእነርሱ ውስጥ ሕመሙን አይደብቅም። በክረምቱ ብርድ ከቤት መውጣት እንዳቃተው፣ ልብስ ደራርቦ በጢስ በተሞላ ክፍል ውስጥ እንደ ተኛ፣ ራሱን እንዳመመውና እንዳስመለሰው፣ እንቅልፍም እንዳጣ በግልጥ ይጽፋል። ደብዳቤ ያልጻፉለትን ወዳጆቹንም ይወቅሳል። ከዚህም ጋር ስለ ተደረገለት ነገር ሁሉ በስም እየጠራ ያመሰግናል። ዲዮስቆሮስ የተባለ ሰው ቤቱን ለቆለት ለክረምት እንዳሰናዳለት፣ አሮጊቷ ዲያቆናዊት ሰቢኒያና ያን ሁሉ መንገድ ተከትላው እንደ መጣች ይናገራል። ኩኩሶስ ገበያ እንኳ የሌላት ምድረ በዳ መሆኗን ይጽፋል፤ የሰዎቿ ፍቅር ግን ይህን እንዳስረሳው በዚያው ይጨምራል። እንግዲህ ሕመሙም እውነት ነው፤ ምስጋናውም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አላሐሰተውም።

ወንበዴዎች በአካባቢው በተነሡ ጊዜ በክረምት ወደ አራቢሶስ ምሽግ ሸሸ። ወዳጆቹ ከአንጾኪያ ሳይቀር ይጐበኙት ስለ ነበር ጠላቶቹ ይህን አይተው የበለጠ እንዲርቅ አስፈረዱበት። በ407 ዓ.ም. በጥቁር ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ ወዳለችው ፒቲዩስ እንዲወሰድ ታዘዘ። ወታደሮቹ በዝናምም በፀሐይም ያለ ዕረፍት ነዱት። ሦስት ወር ያህል ከተጓዙ በኋላ ኮማና ከምትባል ከተማ አጠገብ በሰማዕቱ በባሲሊስቆስ ቤተ ክርስቲያን አደሩ። በማግሥቱ ጥቂት እንዲያሳርፉት ቢለምናቸው እምቢ ብለው ይዘውት ሄዱ። ብዙም ሳይርቁ ደከመ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑም መለሱት። በዚያም ነጭ ልብስ ለበሰ፤ የነበረውን ልብስ በአጠገቡ ለነበሩት አካፈለ፤ ሥጋ ወደሙን ተቀበለ። ስለ ሁሉም ነገር እግዚአብሔርን አመስግኖ፣ በመስቀል ምልክት አማትቦ፣ መስከረም 14 ቀን ዐረፈ። ዕድሜው 60 ዓመት ገደማ ነበር።

የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ወዳጁ ጰላድዮስ፣ ያች የመጨረሻ ምስጋና ዮሐንስ ዘወትር ይላት የነበረች ቃል መሆኗን ይመሰክራል። እንግዲህ በሞቱ ሰዓት አዲስ ቃል አልፈለገም። በማዕድ፣ በሕመም፣ በደብዳቤው ሁሉ ሲለማመዳት የኖረችው ቃል በጭንቁ ሰዓት አፉ ላይ ተገኘች። በደኅና ቀን ያልተለማመድነውን ምስጋና በክፉ ቀን ከየት እናመጣዋለን?

በ438 ዓ.ም. ዐፅሙ በክብር ወደ ቁስጥንጥንያ ተመለሰ። የንግሥት አውዶክስያ ልጅ ንጉሥ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ በሣጥኑ ላይ ተደፍቶ ስለ አባቱና ስለ እናቱ በደል ይቅርታ ለመነ። ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን የዐፅሙን ፍልሰት ግንቦት 12 ቀን ታስባለች።

እኅታችን ሆይ፤ መልሳችን ዘግይቶ ቢደርስሽም ይህ ነው። እናቴ ታማብኛለች ማለት እምነት ማጣት አይደለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን ማለትም ግብዝነት አይደለም። ሁለቱንም በአንድ አፍ መናገር ይቻላል፤ ቅዱስ ዮሐንስ እንዲሁ አድርጓልና። ግብዝነት ቢኖር በእኛ በጠያቂዎቹ ነው። ደኅና ነሽ ወይ ብለን መልሱን ሳንጠብቅ ወደ መዝሙር ጥናታችን እናልፍ ነበርና። ዲዮስቆሮስ ቤቱን ባይለቅ፣ አሮጊቷ ሰቢኒያና ያን መንገድ ባትጓዝ፣ ዮሐንስ በስደት ሀገር ከሚያመሰግንባቸው ነገሮች ብዙው በጐደለ ነበር። ስለዚህ ከእኛ መካከል ተራ ገብተን እናቷን ለመጠየቅ፣ ውኃ ለመቅዳትና ሌሊት ለማስታመም ተስማምተናል።

እናንተም አንባቢዎቻችን ዛሬ ማታ ማዕድ ሲቀርብ እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት አመስግኑ፤ ምግቡን ያበሰለችውን እናታችሁን ወይም እኅታችሁንም በቃል አመስግኑ። ነገ ጧት ደግሞ ጎረቤታችሁን እንደምን አደሩ ስትሉ ቆም ብላችሁ መልሳቸውን ስሙ። የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በረከት በሁላችን ላይ ይደር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።