ከዙላ እስከ መቅደላ፤ የዊልያም ብላንፎርድ የሕይወት ታሪክና የአለቶቻችን ስም

በዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ትምህርት የጀመረ ወጣት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቃሉ ከሚይዛቸው ስሞች መካከል የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ፣ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ፣ የአሸንጌና የመቅደላ የእሳተ ገሞራ አለቶች የሚባሉት ይገኙበታል። ስሞቹ የሀገር ቤት ስሞች በመሆናቸው ከጥንት ጀምሮ አብረውን የኖሩ ይመስላሉ። ለአለቶቹ መጠሪያ አድርጎ የመረጣቸው ግን ሀገራችንን ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ ብቻ ያያት እንግሊዛዊ፣ ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ ነው። የዚህ ሰው ሕይወት የሥነ ምድር ትምህርት ምን እንደሚጠይቅና ወዴት እንደሚያደርስ በግልጽ ስለሚያሳይ፣ ለማኅበራችን አባላት በአጭሩ ማቅረቡ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብላንፎርድ በለንደን ከተማ ጥቅምት 7 ቀን 1832 ተወለደ። አባቱ የጌጥ እንጨት ሥራና የወርቅ ቅብ ፋብሪካ ነበረው። ልጁም በብራይተንና በፓሪስ ከተማረ በኋላ ሁለት ዓመት በኢጣልያ ወደብ በአንድ የንግድ ቤት ሠራ፤ ቀጥሎም ወደ አባቱ ሥራ ገባ። የንግድ ኑሮ የተዘጋጀለት ይህ ወጣት በ1852 ታናሽ ወንድሙን ሄንሪን ተከትሎ በለንደን ወደሚገኘው የማዕድን ትምህርት ቤት ገባ። የሁለቱን ዓመት ትምህርት በሽልማት ፈጽሞ፣ በጀርመን በፍራይበርግ የማዕድን ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ጨመረበት። በ1855 ሁለቱም ወንድማማቾች በሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ካልካታ ደረሱ።

የመጀመሪያ ሥራው የድንጋይ ከሰል ፍለጋ ነበር። በታልቺር የከሰል ምድር ሲሠራ፣ ከከሰሉ ሥር ታላላቅ ድንጋዮች በደቃቅ ጭቃ ውስጥ ተዘፍቀው አገኘ። ወራጅ ውሃ እንዲህ ያለውን ድንጋይ ከደቃቅ ጭቃ ጋር ባንድነት ሊያስቀምጥ ስለማይችል፣ ያመጣቸው በረዶ ሳይሆን አይቀርም ሲሉ እርሱና ባልደረቦቹ በ1856 አስታወቁ። ዛሬ በሙቀቷ በምትታወቀው ሕንድ በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ነበር የሚለው ሐሳብ የተጀመረው ከዚህ ነው። ከ1862 ጀምሮም በምዕራብ ሕንድ ሰፊውን የዴካን የባዛልት ደጋ በእግሩ እየዞረ አጠና።

ወደ ሀገራችን ያመጣው ይኸው ልምዱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስለቀቅ የእንግሊዝ መንግሥት ከቦምባይ 13 ሺህ ያህል ወታደር ሲያዘምት፣ ብላንፎርድ የዘመቻው የሥነ ምድር ባለሙያ ሆኖ ተመደበ። ይህን መሸፋፈን አይገባም። ብላንፎርድ የመጣው በወራሪ ጦር ጥላ ሥር ነው። ያ ጦር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላን ሲይዝ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ ቤተ መዛግብታቸው ተዘረፈ፤ አምባውም ተቃጠለ። እርሱ ይዞት የሄደው ደግሞ የአለትና የእንስሳት ናሙና፣ የመንገድ ማስታወሻም ነበር።

የዘመቻው መንገድ ግን ለሥነ ምድር ባለሙያ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ሆነለት። ከዙላ የባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ሰንዓፈ ሲወጣ እጅግ ጥንታዊውን፣ በሙቀትና በግፊት የተለወጠውን አለት አገኘ። አዲግራት ሲደርስ በዚያ አለት ላይ የአሸዋ ድንጋይ ተነጥፏል። ወደ ደቡብ ሲቀጥል፣ በሕንጣሎ፣ የባሕር ቅሪተ አካላት ያሉበት የኖራ ድንጋይ ከአሸዋው ድንጋይ በላይ ተደርቧል። ከዚያ ወዲያ እስከ አሸንጌ ሐይቅና እስከ መቅደላ ድረስ ሁሉንም የሸፈነው የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ነው። ሠራዊቱ ወደ ደቡብ በተጓዘ ቁጥር ብላንፎርድ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ዘመን ይሸጋገር ነበር። የእሳተ ገሞራውንም አለት በሁለት ከፈለው፤ የታችኛውን፣ ያዘነበለውን፣ በአሸንጌ፣ የላይኛውን፣ አግድም የተደረደረውን፣ በመቅደላ ሰየመው። ቦታዎቹን በሰማው መጠን ስለ ጻፈ ሕንጣሎ በካርታዎቻችን ላይ አንታሎ ሆኖ ቀርቷል።

የጥናቱ ውጤት በ1870 በለንደን ታትሞ ወጣ፤ የአራዊትና የአእዋፍ ዝርዝርም ተጨምሮበታል። ከዚያ በኋላ በፋርስ የድንበር ኮሚሲዮን አባል ሆኖ ሠራ፤ በ1879 ከሄንሪ ሜድሊኮት ጋር የሕንድን ሥነ ምድር አጠቃሎ የሚያስተምር መጽሐፍ አዘጋጀ። በ1882 ጡረታ ወጥቶ ወደ ለንደን ተመለሰ፤ በ1883 የወላስተን ሜዳልያን ተሸለመ፤ ከ1888 እስከ 1890 የለንደን የሥነ ምድር ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። የመጨረሻ ዘመኑን የሕንድን እንስሳት የሚገልጹ መጻሕፍት በማዘጋጀት አሳልፎ ሰኔ 23 ቀን 1905 አረፈ።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ብዙ ነገር አርመዋል። የእሳተ ገሞራው ክምችት በሁለት ስም ብቻ እንደማይጠቃለል አሳይተዋል፤ የሰሜን ምዕራቡ ደጋ ባዛልት አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደ ፈሰሰ በዘመናዊ ልኬት ታውቋል። ብላንፎርድ እንዲህ ያለ መሣሪያ አልነበረውም። የነበረው መዶሻ፣ ማስታወሻ ደብተርና የትኛው ከላይ የትኛው ከታች እንደሆነ ደጋግሞ የመጠየቅ ልማድ ነው። ያቆመው የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ቅደም ተከተል ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ይሠራበታል።

ብላንፎርድ ሸዋን አላያትም። ሆኖም ዛሬ በሸገር ከተማ የተጠቃለሉትን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ለሚመለከት ሰው ዘዴው አሁንም መመሪያ ነው። ሰበታ ያለችው በወጨጫ ተራራ ግርጌ ነው፤ ወጨጫ ከእንጦጦ እጅግ የሚያንስ ዕድሜ ያለው እሳተ ገሞራ ነው። ቡራዩ በወጨጫና በእንጦጦ መካከል ሆና የገፈርሳን ግድብ ታዋስናለች፤ በአካባቢዋ ለግንብ የሚሆን ድንጋይ የሚወጣባቸው ካባዎች አሉ። ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በሜዳ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ሜዳውን የሸፈነው ጥቁር መረሬ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ከሱሉልታ በስተ ሰሜን ወደ ሙገር ሸለቆ ለወረደ ደግሞ ከባዛልቱ ሥር ያ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ብቅ ይላል። የሙገርና የደርባ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ ይኸው ነው። ብላንፎርድ በሕንጣሎ ስም ያወጣለት አለት በእነዚህ ከተሞች ቤቶች ዓምድ ውስጥ ቆሟል ማለት ነው።

እንግዲህ የሥነ ምድር ምሩቅ ምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚሁ ደጃፋችን ላይ ነው። የጉድጓድ ውሃ ከየትኛው የቅልጥ ድንጋይ ስንጥቅ እንደሚገኝ፣ ካባው የት ቢከፈት ምንጭ እንደማያደርቅ፣ የመረሬው ጥልቀት ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ገደሉ የት እንደሚናድ መናገር የእርሱ ሥራ ነው። መሠረት የሚጥለው መሐንዲስ ይህን ሁሉ ከሥራው በፊት ማወቅ ይኖርበታል። የሥነ ምድር ባለሙያ ግድግዳው ከተሰነጠቀ በኋላ ቢጠራ የሚቀረው ምክንያቱን መጻፍ ብቻ ነው። ብላንፎርድን የቀጠረው መንግሥት ባለሙያውን ከዘመቻው ጋር አብሮ አሰልፎታል፤ ዓላማው የራሱ ጥቅም ቢሆንም የምድርን ዕውቀት ዋጋ ያውቅ ነበር። እኛ በገዛ ምድራችን ላይ፣ ለገዛ ሕዝባችን ስንሠራ፣ ከዚያ ያነሰ ልናደርግ አይገባም።