ከደጋው አገር የወጡ የባሕር መኮንን፦ ሪር አድሚራል ልዑል እስክንድር ደስታ

በኢትዮጵያ ወታደራዊ ታሪክ ውስጥ የምድር ጦርንና የአየር ኃይልን የመሩ ብዙ ስሞች ይነሣሉ። የባሕር ኃይል ሲጠራ ግን ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስታውሰው ሪር አድሚራል ልዑል እስክንድር ደስታን ነው።

ልዑል እስክንድር ሐምሌ 30 ቀን 1926 ዓ.ም በአዲስ አበባ ከራስ ደስታ ዳምጠውና ከልዕልት ተናኘወርቅ ኃይለ ሥላሴ ተወለዱ። በእናታቸው በኩል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ናቸው። ከቤተ መንግሥት ቢወለዱም የልጅነት ዘመናቸው የጦርነትና የስደት ነበር። ፋሺስት ጣሊያን አገሪቱን ሲወር አባታቸው በደቡብ ግንባር ጦር መርተው ተዋጉ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላም ትግላቸውን ሳያቋርጡ ቆይተው በመጨረሻ ተማረኩ፤ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም ተረሸኑ። ይህ ሲሆን ልጃቸው ገና ሦስተኛ ዓመታቸውን አልደፈኑም ነበር።

ልዑሉ በእንግሊዝ አገር ትምህርታቸውን ተከታትለው ሕይወታቸውን ለውትድርና ሰጡ። የአባታቸው የጦር ሜዳ ተራራና ጫካ ነበር፤ የእርሳቸው ደግሞ ቀይ ባሕር ሆነ።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በተቆራኘች ጊዜ አገሪቱ ሊጠበቅ የሚገባው ረጅም የባሕር ጠረፍ አገኘች፤ የሚጠብቀው ኃይል ግን አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ1955 የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ተቋቋመ። ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ፣ የጦር ሰፈሩ በምጽዋ፣ የመኮንኖች ኮሌጁ በአስመራ ሆነ። የኖርዌይ ባሕር ኃይል መኮንኖችም በማደራጀትና በማሠልጠን አገዙ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ለዕጩ መኮንንነት ከሚመለመሉት ወጣቶች ብዙዎቹ በደጋ ያደጉ፣ ከወንዝና ከሐይቅ በቀር ሰፊ ውኃ ያላዩ ነበሩ። የኮሌጁ ትምህርት 52 ወራት ይፈጅ ነበር። የባሕር መኮንን ኮከብና ካርታ አንብቦ መርከብ መምራት ብቻ አይበቃውም፤ መዋኘት፣ መቅዘፍ፣ በሚናወጥ መርከብ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ መሥራት፣ እንቅልፍ አጥቶ ዘብ መቆም ይኖርበታል። አስመራ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ስትሆን ምጽዋ በበጋዋ ከዓለም ሞቃት ወደቦች አንዷ ናት። በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ሠልጣኝ ሰውነቱ ሁለቱንም አየር መልመድ ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተገኘችው መርከብ «ኢትዮጵያ» ተብላ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ ሆነች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ውቅያኖስ ያገለገለች ስትሆን፣ በኢትዮጵያ ባንዲራ ሥር ደግሞ ለዕጩ መኮንኖች ተንሳፋፊ ትምህርት ቤት ሆና አገለገለች።

በዘመኑ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ስለነበሩ፣ ልዑል እስክንድር የባሕር ኃይል ምክትል አዛዥ በሆኑ ጊዜ የኃይሉ አመራር በእጃቸው ነበር። ምጽዋ በሚከበረው ዓመታዊ የባሕር ኃይል በዓል ንጉሠ ነገሥቱ ዕጩ መኮንኖችን ሲያስመርቁ፣ በቀዝቃዛው ጦርነት የተፋጠጡት የአሜሪካና የሶቪየት ኅብረት መርከቦች በአንድ ወደብ ይቆሙ ነበር። ለወጣቱ ኃይል ይህ ትልቅ ክብር ነበር።

ይሁን እንጂ ማዕረግና የንጉሥ ዘር በአንድ ሰው ላይ መደራረባቸው ጥላም አጠላ። በየካቲት 1966 ዓ.ም በጦሩ ውስጥ የተነሣው የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ ምጽዋ ደርሶ ባሕርተኞቹም አመፁ። በመስከረም 1967 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ ያለ ፍርድ ከገደላቸው የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች አንዱ ልዑል እስክንድር ነበሩ። ዕድሜያቸው 40 ነበር። ባላቸውን በፋሺስት ጥይት ያጡት ልዕልት ተናኘወርቅ፣ ልጃቸውን ደግሞ በወገን ጥይት አጡ፤ ራሳቸውም ከሴቶች ልጆቻቸው ጋር ለረጅም ዓመታት ታሰሩ።

የመሩት ኃይል ከእርሳቸው በኋላ 17 ዓመት ያህል ቆየ። ምጽዋ በ1982 ዓ.ም፣ አሰብም በ1983 ዓ.ም ከእጅ ሲወጡ የቀሩት መርከቦች ባሕር ተሻግረው ተሰደዱ። ከነዚህ አንዷ የሆነችው «ኢትዮጵያ» የመን ደርሳ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የልዑሉ አፅም ግን ደርግ ከወደቀ በኋላ ከጅምላ መቃብር ወጥቶ፣ አብረዋቸው ከተገደሉት ጋር በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አርፏል።