መቃብር የተነፈገው መስፍን፤ የቱሉዙ የሬይሞን ታሪክ



እድር ማለት ከሁሉ በፊት ሰውን አፈር ማልበስ ነው። ድንኳኑም፣ ንፍሮውም፣ ለቅሶ መቀመጡም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን፣ ሞቶ ሳለ አፈር ስለተከለከለ አንድ የሩቅ አገር ሰው ላወጋችሁ አሰብኩ። ሰውየው ተራ ሰው አልነበረም። የንጉሥ የልጅ ልጅና የሰፊ አገር ገዥ የነበረው የቱሉዝ መስፍን ሬይሞን ስድስተኛ ነው። ከሞተ 800 ዓመት አልፎታል፤ ዘመኑ በእኛ አገር ንጉሥ ላሊበላ የነገሠበት ዘመን ነው ማለት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ሬይሞን የተወለደው በ1156 ሲሆን አባቱ የቱሉዝ መስፍን ሬይሞን አምስተኛ፣ እናቱ ደግሞ የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ ስድስተኛ ልጅ ኮንስታንስ ነበረች። የአባቱን ወንበር የወረሰው በ1194 ነው። አገሩ ዛሬ የፈረንሳይ ደቡብ የምንለው ነው። በዚያን ጊዜ ግን የደቡቡ ሰው የሚናገረው ኦክሲታን የሚባል የራሱ ቋንቋ ነበር፤ ለፓሪሱ ንጉሥም የሚታዘዘው ከስም ያለፈ አልነበረም። ቱሉዝ ከተማም ከነዋሪዎቿ መካከል በተሰየሙ ሹማምንት የምትተዳደር፣ መስፍኑ ራሱ የሚያማክራት ኩሩ ከተማ ነበረች።

በዚሁ አገር ካታር የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች መልካሙ አምላክ የፈጠረው መንፈስን ነው፣ ይህን የሚታየውን ዓለም የሠራው ግን ክፉው ኃይል ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። መምህሮቻቸው ወንዶችም ሴቶችም ሲሆኑ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይቀምሱም፣ አያገቡም፣ አይምሉም። ሕዝቡ በኑሯቸው ያከብራቸው ስለነበር ደጋግ ሰዎች ይላቸው ነበር። ለሮማ ቤተ ክርስቲያን ግን ነገሩ ለይቶለት ክህደት ነው። በ1198 የተሾመው ፓፓ ኢኖሰንት ሦስተኛም ሬይሞን እነዚህን መናፍቃን ከአገሩ እንዲያጠፋ በመልእክተኞቹ በኩል ደጋግሞ አዘዘው።

ሬይሞን ራሱ ካታር አልሆነም። ነገር ግን ሰዎቹን ማጥፋት እንዲህ ቀላል አልነበረም። ካታሮቹ ከውጭ የመጡ ወራሪዎች ሳይሆኑ ከየቤቱ የወጡ፣ የአንዱ እናት፣ የሌላው አክስት፣ የሦስተኛው ጎረቤት ናቸው። የጎረቤቱ የፎዋ መስፍን እኅት እስክላርሞንድ እንኳ በ1204 በይፋ ከማኅበራቸው ገብታለች። ታዲያ መስፍኑ የማንን በር ይስበር? ስለሆነም እሺ ይላል፣ ቃል ይገባል፣ ግን አይፈጽመውም። በዚህም ምክንያት በ1207 የፓፓው መልእክተኛ ፒዬር ደ ካስቴልኖ አወገዘው።

በጃንዋሪ 1208 ይኸው መልእክተኛ በሮን ወንዝ ዳር ተገደለ። ፓፓው ግድያው የሬይሞን ሥራ ነው ብሎ አመነ፤ ሬይሞን ግን እጄ የለበትም እንዳለ ኖረ። ፓፓውም የመስቀል ጦር እንዲዘምት አወጀ። እስከዚያ ድረስ የመስቀል ጦር ሲባል በብዛት ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ነበር፤ አሁን ግን በክርስቲያን አገር ላይ ሊመጣ ነው። የዘመተ ሰው ኃጢአቱ ይሰረይለታል፣ የመናፍቃኑንና የደጋፊዎቻቸውን መሬትም መያዝ ይፈቀድለታል ስለተባለ ከሰሜኑ አገር ብዙ ባላባት ተነሣ።

ሬይሞን ይህን ሲያይ ተንበረከከ። በጁን 1209 በሳን ዢል ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ እስከ ወገቡ ራቁቱን ሆኖ፣ ሕዝብ እያየው ተገርፎ ይቅርታ ተቀበለ። ከዚያም አገሩን ለማትረፍ ብሎ መስቀሉን በልብሱ ላይ አድርጎ ከዘማቾቹ ጋር ተቀላቀለ። መዘዙም የመጣው ያኔ ነው። ጦሩ ፊቱን ያዞረው ወደ እኅቱ ልጅ ወደ ሬይሞን ሮዤ ትራንካቬል አገር ነበር። ጁላይ 22 ቀን ቤዚዬ የተባለችው ከተማ ተያዘችና ካታሩም ካቶሊኩም፣ ሴቱም ሕፃኑም ሳይለይ ታረደ። የፓፓው መልእክተኞች ወደ 20,000 ሰው መገደሉን ጽፈዋል፤ የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ቁጥሩን የተጋነነ ቢሉትም እልቂቱን የሚክድ የለም። በኦገስት ደግሞ ካርካሶን እጅዋን ሰጠች። የእኅቱ ልጅ ታስሮ በ24 ዓመቱ እዚያው እስር ቤት ሞተ። መሬቱም ሲሞን ደ ሞንፎር ለተባለ የሰሜን ባላባት ተሰጠ። አጎትየው ይህ ሁሉ ሲሆን በጦሩ ሰፈር ውስጥ ነበር። እንግዲህ ይህን ሸክም ተሸክሞ ነው የቀረውን ዕድሜውን የኖረው።

የሱም ተራ አልዘገየም። በ1211 የፓፓው መልእክተኞች አዲስ ግዴታ የተጻፈበት ወረቀት ሰጡት። በዘመኑ የተጻፈው ዜና መዋዕል እንደሚለው ግንቦቹ ይፈርሳሉ፣ ባላባቶቹ ከከተማ ወጥተው በገጠር ብቻ ይኖራሉ፣ ሻካራ ልብስ ይለብሳሉ፣ በማዕድ ላይ ከሁለት ዓይነት በላይ ሥጋ አይቀርብም፤ እሱም መልእክተኞቹ እስኪፈቅዱለት ድረስ በቅድስት አገር ይቆያል። ሬይሞን አንድ ቃል ሳይመልስ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ከዚያም በቱሉዝና በሌሎችም ከተሞቹ እየዞረ ለሕዝቡ አስነበበው። ሕዝቡም ከዚህስ ሞት ይሻለናል አለ። እስከዚያ ቀን እያመነታ የኖረ ሰው ከዚህ ወዲህ ለይቶለት ተዋጊ ሆነ። ውግዘቱም ጸናበት።

ነገር ግን ጦርነት ለሬይሞን አልተፈጠረለትም፤ ከጦር አዋቂነት ይልቅ መደራደር የሚቀናው ሰው ነበር። በ1213 የሚስቱ ወንድም የአራጎን ንጉሥ ፔድሮ ሊረዳው መጣ። ፔድሮ በዓመቱ ፊት በስፔን አገር ከእስላሞቹ ጋር ተዋግቶ ድል ያደረገ፣ ለሮማም ታማኝ የነበረ ንጉሥ ነው። ሙሬ በተባለችው ቦታ ሲሰለፉ፣ ሬይሞን ሰፈራችንን በአጥር አጽንተን፣ ጠላት ሲመጣ በቀስት አዳክመን እንውጋው ብሎ መከረ። የአራጎን ባላባቶች ይህን የፈሪ ምክር ነው ብለው ናቁት። በሴፕቴምበር 12 ቀን በተደረገው ውጊያ ንጉሡ ተገደለ፣ የቱሉዝ እግረኛም በጋሮን ወንዝ ዳር አለቀ።

ሰውየው ፍጹም ነበር እንዳይመስላችሁ። ቦዷን የሚባለው የገዛ ወንድሙ ለሲሞን አድሮ በሙሬ ወግቶት ነበርና በ1214 ተይዞ ሲመጣለት እንዲሰቀል አደረገ። ያን ወንድሙን እንኳ የቴምፕላር መነኮሳት አስከሬኑን ለምነው ወስደው ቀብረውታል።

በ1215 በሮማ በተደረገው ታላቅ ጉባኤ ሬይሞን ራሱ ሄዶ ቢለምንም ቱሉዝ ለሲሞን ተፈረደች። ለሱ የተቆረጠለት በዓመት 400 ማርክ ብር ጡረታ ብቻ ነው። ዕድሜው ወደ 60 ተጠግቷል፤ አገር የለው፣ ቤት የለው። ሌላ ሰው ቢሆን በቃኝ ይል ነበር። እሱ ግን በ1216 ከልጁ ጋር በማርሴይ ወደብ ወረደ። ልጁ ሬይሞን ሰባተኛ ገና 19 ዓመቱ ሳለ ቦኬር የተባለችውን ከተማ ከሲሞን ሰዎች ቀማ። የቱሉዝ ሕዝብም በሲሞን ላይ ተነሣ። ሲሞን ከተማዋን ቀጣት፣ ግንቧን አስፈረሰ፣ 30,000 ማርክ መቀጫ ጣለባት።

በሴፕቴምበር 1217 ሬይሞን በማለዳ ጭጋግ ተሸፍኖ የጋሮንን ወንዝ በመልካው ተሻግሮ ቱሉዝ ገባ። ሕዝቡ ሲያየው አለቀሰ፤ እግሩ ላይ ወደቀ። ግንብ የሌላትን ከተማ ባላባቱና ነጋዴው፣ ሴቱና ልጁ ሳይቀር ቀንና ሌሊት ጉድጓድ እየቆፈረ፣ አፈር እየተሸከመ አጠራት። ሲሞን ለዘጠኝ ወር ከበባት። በጁን 25 ቀን 1218 ከከተማው ውስጥ ከድንጋይ መወርወሪያ የተተኮሰ ድንጋይ ራሱን መትቶ ገደለው። መወርወሪያውን የያዙት ሴቶች ነበሩ ይላል ዜና መዋዕሉ። ሲሞንም በካርካሶን ቤተ ክርስቲያን በክብር ተቀበረ። በ1219 የፈረንሳዩ አልጋ ወራሽ ሉዊ መጥቶ ደግሞ ቢከባትም ሳይሆንለት ተመለሰ።

ሬይሞን አገሩን መለሰ፣ ውግዘቱ ግን አልተነሣለትም። በመጨረሻው ዘመኑ ለድሆች ይመጸውት፣ ቤተ ክርስቲያን መግባት ስለተከለከለም ደጅ ቆሞ ይጸልይ ነበር። በኦገስት 1222 አንድ ቀን በላ ዶራድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጸልዮ ወደ አንድ የከተማ ሰው ቤት ሄደ። እዚያው ሕመም ጣለው። የሳን ሰርናን ገዳም አበምኔት ሲደርስ አንደበቱ ተዘግቶ ነበርና እጁን ብቻ ያዘው። ከቅዱስ ዮሐንስ ሆስፒታል ማኅበር መነኮሳት አንዱ መስቀል ያለበትን ካባውን ቢያለብሰው፣ መስቀሉን ስሞ ዐረፈ። 66 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር።

ሬይሞን ወደዚሁ ማኅበር እንደሚገባ ቀደም ሲል በኑዛዜው ቃል ገብቶ ስለነበር መነኮሳቱ አስከሬኑን ወሰዱት። ነገር ግን የተወገዘ ሰው በተባረከ መሬት አይቀበርም። ስለዚህ ሳጥኑን በመቃብራቸው አጠገብ በአትክልት ቦታ ከመሬት በላይ አኖሩት። ፈቃዱ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲባል ዓመታት አለፉ።

ልጁ ሬይሞን ሰባተኛ ጦርነቱን ገፍቶ በ1229 ከፈረንሳይ ንጉሥ ጋር ታረቀ። እሱም እንደ አባቱ በሕዝብ ፊት ንስሐ ገባ፤ አንዲት ልጁንም ለንጉሡ ወንድም እንዲድር ተስማማ። በቱሉዝ ለተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚከፈለው ገንዘብም ከቅጣቱ አንዱ ነበር። ከዚህ ሁሉ ጋር የአባቱን ነገር አልተወም። ለምኖ ለምኖ በ1247 ፓፓ ኢኖሰንት አራተኛ ምርመራ እንዲደረግ ፈቀደ። ከመቶ በላይ ምስክሮች ቀርበው ሬይሞን ሲሞት ንስሐ መግባቱን፣ መስቀሉን መሳሙን፣ ለድሆች ማብላቱን አስረዱ። ከሞተ 25 ዓመት ሆኖት ነበር፤ የከተማው ሰው ግን አልረሳውም። ይሁን እንጂ ፈቃዱ አልመጣም። ልጁ በ1249 ሲሞት ከእናቱ መቃብር አጠገብ በፎንትቭሮ ተቀበረ። የአባቱ ሳጥን ግን እዚያው ቀረ፤ በዘመን ብዛት በሰበሰ፣ አይጥ በላው፣ አጥንቱም ተበተነ። በመጨረሻ መነኮሳቱ ጋ የቀረው የራስ ቅሉ ብቻ ነበር። አገሩም በ1271 የልጅ ልጁ ያለ ወራሽ ስትሞት ለፈረንሳይ ዘውድ ሆነ።

ይህን ታሪክ ሳነብ የከነከነኝ አንድ ነገር ነው። ሬይሞን በደል የለበትም አልልም። ነገር ግን ሬሳ ሒሳብ አይመልስም፤ የሚቀጣው ልጅና ጎረቤት ነው። በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ መዋጮ ያጎደለ አባል ቤት ሐዘን ሲገባ ምን ይደረግ የሚል ክርክር ይነሣል። ደንብ ደንብ ነው፣ ገንዘብ ያዣችንም ቢቆጣ እውነት አለው። እኔ የምለው ጡሩንባው ይነፋ፣ ድንኳኑ ይተከል፣ ሰውየው አፈር ይልበስ፤ የቀረውን ከሠልስት በኋላ ተቀምጠን እንነጋገርበት ነው። በዚህ ላይ የእናንተንም ሐሳብ በመጪው ጉባኤ ለመስማት እፈልጋለሁ።

ለከርሞው በሰላም ያድርሰን።