የሥጋ ደዌን ምክንያት ያገኙት ሐኪም፦ ዶክተር አርማወር ሐንሰን

ጌታችን ለምጻሙን እጁን ዘርግቶ ዳስሶ እንደ ፈወሰው ከቅዱስ ወንጌል ተምራችኋል። ሰው ሁሉ የሸሸውን ሰው እርሱ አልሸሸውም። ለምጽ የሚለው ስም ለብዙ ዓይነት የቆዳ ሕመም ሲሰጥ ኖሯል። ከእነዚያ ሕመሞች አንዱን ዛሬ ሥጋ ደዌ እንለዋለን። የዚህ በሽታ ምክንያት ለብዙ ሺህ ዓመታት ሳይታወቅ ቆየ። በዚህ ትምህርት ምክንያቱን ፈልገው ያገኙትን ሐኪም ታሪክ እናያለን።

ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን በሐምሌ 1833 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1841) በኖርዌይ አገር በርገን በምትባል ከተማ ተወለዱ። ኖርዌይ በሰሜን አውሮፓ የምትገኝ ብርዳም አገር ናት። ሐንሰን ከአሥራ አምስት ልጆች ስምንተኛው ነበሩ። ወላጆቻቸው ሁሉን ማሟላት ስላልቻሉ ለትምህርታቸው የሚሆነውን ገንዘብ ራሳቸው እየሠሩ ሕክምና ተማሩ። ከተመረቁ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዓሣ አጥማጆችን ሲያክሙ ቆይተው ወደ በርገን ተመለሱ፤ በዚያም በሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል መሥራት ጀመሩ።

በዚያ ዘመን በኖርዌይ ከ2 ሺህ በላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበሩ። ሕመሙ በቆዳ ላይ በሚወጣ ምልክት ይጀምራል። ምልክቱ አይጠፋም፤ ቅባትም አያድነውም። ቀስ በቀስ እጅና እግር ይደነዝዛሉ። በሽተኛው እሳት ሲያቃጥለው ወይም እሾህ ሲወጋው ስለማይሰማው ይቆስላል፤ ቁስሉም እየከፋ ጣቶቹን ይጎዳል።

ሕመሙ ከምን እንደ መጣ ግን የሚያውቅ አልነበረም። አንዳንዱ እርግማን ነው ይል ነበር። ብዙ ሐኪሞች ደግሞ ከአባትና ከእናት በዘር የሚወረስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከእነዚህም አንዱ የሐንሰን አለቃ የነበሩት ታላቁ ሐኪም ዳንየልሰን ናቸው። ዳንየልሰን በሽታው አይተላለፍም ብለው ስላመኑ ከሕሙማን የተወሰደ ነገር ወደ ገዛ ሰውነታቸው በመርፌ እስከ ማስገባት ደርሰዋል። አልታመሙምም።

ሐንሰን አለቃቸውን ያከብሩ ነበር፤ ልጃቸውንም አግብተዋል። ነገር ግን የሚያዩት ነገር ከአለቃቸው አሳብ ጋር አልተስማማላቸውም። ስለዚህ በየገጠሩ እየዞሩ ማን ከማን ጋር እንደ ኖረ፣ ማንስ አስቀድሞ እንደ ታመመ ጠየቁ፤ መዘገቡ። ከዚያም ከሕሙማን ቆዳ እባጭ ጥቂት እየወሰዱ በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። በየካቲት 1865 ዓ.ም. (1873) እንደ ትናንሽ ዘንግ ያሉ ተሕዋስያን አዩ። የሥጋ ደዌ ምክንያት እነዚህ ናቸው። በሽታው እርግማን እንዳልሆነ፣ በዘርም እንደማይወረስ የሚያሳየው መንገድ በዚህ ተከፈተ።

ታዲያ ብልሆቹ ሐኪሞች ለምን ተሳሳቱ? ይህ ተሕዋስ እጅግ ቀስ ብሎ ስለሚራባ ነው። ወደ ሰው ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ዓመታት ያልፋሉ። በዚያ ጊዜ ከማን እንደ መጣ ማን ያስታውሳል?

ልጆች፣ የታላላቅ ሰዎች መልካም ሥራ ሲነገር ስሕተታቸውም አይደበቅም። ሐንሰን በሽታው እንደሚተላለፍ ለማረጋገጥ ሲጣደፉ በ1872 ዓ.ም. አንዲትን በሽተኛ ሳያስፈቅዱ ከሌላ ሕመምተኛ የተወሰደ ነገር በመርፌ ወደ ዓይኗ አስገቡ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ከሆስፒታሉ ሥራቸው አሰናበታቸው። በእርግጥ እውነትን መፈለግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ድሀውንና ሕመምተኛውን እንደ ዕቃ መቁጠር አይገባም። ከዚያ በኋላም ሐንሰን በአገሪቱ የሥጋ ደዌ ተቆጣጣሪ ሐኪም ሆነው መሥራታቸውን ቀጠሉ። በኖርዌይ የሕሙማን ቁጥር እየቀነሰ ሲሄድ ለማየት በቁ፤ በየካቲት 1904 ዓ.ም. (1912) ለሥራ በሄዱበት አገር ዐረፉ።

የእኒህ ሐኪም ስም በአገራችንም ይጠራል። በአዲስ አበባ በአለርት ሆስፒታል አጠገብ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ይገኛል። እናንተም ከድሬ ዳዋ ተነሥታችሁ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረርን ብታልፉ፣ ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ቢሲዲሞን ታገኛላችሁ። በዚያ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራው ሆስፒታል የምሥራቁን አገር ብዙ ሕሙማን ረድቷል።

ሐንሰን ምክንያቱን ቢያገኙም መድኃኒቱን አላገኙም። መድኃኒቱን ሌሎች ከእርሳቸው በኋላ አገኙት። ዛሬ ሥጋ ደዌ ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም ያለ ክፍያ ይሰጣል። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ በሽታውን ማስተላለፍ ያቆማል። ጣቶቹ የተጎዱ ሰው ብታዩ ከቆየ ቁስል የቀረ ጉዳት ነውና አትሽሹት።

የድሬ ዳዋ ሙቀት በብዙ ልጆች ቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣል። ጭርት፣ ቋቁቻና እከክም አሉ። በሰውነት ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ያለው ሁሉ ሥጋ ደዌ አለበት ማለት አይደለም። ነገር ግን ምልክቱ ሳይጠፋ ከቆየ፣ በተለይም ሲነኩት የማይሰማ ከሆነ፣ አትደብቁት። ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ንገሩ፤ ጤና ጣቢያም ሂዱ። በጊዜ የታከመ ሰው ጣቶቹ ሳይጎዱ ይድናል። ጸበል የምትጠመቁም ብትሆኑ የሐኪሙን መድኃኒት አታቋርጡ፤ ለሐኪም ጥበብን የሰጠ እግዚአብሔር ነውና። ጓደኛችሁ እንዲህ ያለ ምልክት ቢታይበት አትሳቁበት፤ በስድብ ስምም አትጥሩት። አብራችሁት ተቀመጡ፤ እንዲታከምም ምከሩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።

የክለሳ ጥያቄዎች

1. ከሐንሰን በፊት ሰዎች ሥጋ ደዌ ከምን ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር?
2. ሐንሰን እውነቱን ለማግኘት ምን ምን አደረጉ?
3. ፍርድ ቤት ከሆስፒታሉ ሥራቸው ያሰናበታቸው ለምንድን ነው?
4. በቆዳችሁ ላይ የማይጠፋ፣ ሲነኩትም የማይሰማ ምልክት ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ?