ከአክሱም አደባባይ እስከ ስሜን ተራራ፦ ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድና የሰሚዎቹ ጆሮ

በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን የሚታሰበው የማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ ዜና ሕይወት ለምእመናን እንግዳ አይደለም። በዛሬው የበዓል ገጻችን የምናተኩረው ሊቁ ከሚሰሙት ሰዎች ጋር በነበረው ግንኙነት ላይ ይሆናል።

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አጎቱ አባ ጌዴዎን ዳዊት ቢያስተምሩት ቃሉ አልያዝለት ስላለ ተገረፈ፤ ሸሽቶም ሄደ። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ከዛፉ ላይ ስለ ወጣችው ትል ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቃሉና አንደግመውም። እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን ብላቴናው ወደ ገረፉት መምህር በገዛ እግሩ ተመልሶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ እንደገና ለመታረም መቀመጡ ነው።

ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎች በአክሱም ጽዮን ባሰማ ጊዜ ንጉሡና ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱና ካህናቱ ሥራቸውን ትተው ሊሰሙት እንደ ሮጡ ስንክሳር ይተርካል። አንድ ቀንም ዐፄ ገብረ መስቀል ጦራቸውን ተመርኩዘው ሲያዳምጡ ጦሩ በያሬድ እግር ላይ ተተከለ፤ ደሙም ፈሰሰ። ዜማው እስኪፈጸም ሰሚውም አልታወቀው፣ ዘማሪውም አልተሰማው። ንጉሡ ደንግጠው የወደደውን እንዲለምን ፈቀዱለት። ያሬድም አስቀድሞ በመሐላ ካጸና በኋላ ለምናኔ እንዲያሰናብቱት ጠየቀ። አዘኑ፤ ነገር ግን መሐላቸውን ማፍረስ አልቻሉም።

ሠዓሊዎቻችን ይህን ታሪክ በየቤተ መቅደሱ ግድግዳ ሲሥሉት ኖረዋል። እርግጥ ነው፣ እንደ ንጉሡ የሚሰማ አድማጭ ለባለ ቅኔ ብርቅ ነው። ሆኖም በተመስጦ የቆመ ሰው ደሙን እንኳ ካላየ የዜማውን ግድፈት እንዴት ያያል? ያሬድ ከቤተ መንግሥት ውዳሴ ርቆ ወደ ስሜን የወጣው በጸሎት ለመወሰን ነበር፤ በዚያም ደቀ መዛሙርትን እያስተማረ በ66 ዓመቱ፣ በ571 ዓ.ም. እንደ ተሰወረ ይነገራል። ዛሬ ከዳባትና ከደባርቅ አልፎ በሳንቃ በር በኩል ወደ ደጋው የሚዘልቅ መንገደኛ ውርጩንና ገደሉን ሲያይ፣ ከአክሱም ድሎት ወደዚህ መምጣት ምን ማለት እንደ ሆነ ይረዳል። ከስሜን ተራሮች አንዱ እስከ አሁን አባ ያሬድ ይባላል።

የዜማ ምልክቶቹ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እስኪደራጁ ድረስ ድጓው ከሁሉ ይልቅ በጆሮና በቃል ነበር የሚጠበቀው። የድጓ ተማሪ ዛሬም በመምህሩ ፊት ያዜማል፤ ድምፁ ከሥርዓቱ ሲወጣ መምህሩ ያስቆሙታል፤ ወደ ኋላም ይመልሱታል። በቅኔ ቤትም እንዲሁ ተማሪው ቀን የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማልም። በማኅሌት ቅኔው የሰመረለት ሊቅ ከጉባኤው ይበል የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ያልሰመረለት ደግሞ ዝምታውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ይህ ዝምታ ከአለንጋ ይልቅ እንደሚያም ሊቃውንቱ ያውቁታል።

በድጓ አዋቂነቱ የታመነ ሰው ሳይቀር ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ፣ በዚያ ባሉት መምህራን ጆሮ ተመዝኖ ካልተመሰከረለት በቀር ሙሉ የድጓ መምህር ተብሎ አይጠራም።