ጊዜውን የዋጀ አባት፦ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ

ውድ ልጆች! ባለፈው የተሰጣችሁን ጥናት ሠርታችኋል? ወይስ ነገ እንሠራዋለን ብላችሁ አቆይታችሁታል? ዛሬ የሰባት ዓመት ድካም ተስፋ ያላስቆረጠውን፣ ከዚያም የተሰጠውን ዕድሜ በሚገባ የተጠቀመበትን አባት ታሪክ እንማራለን። በጥሞና ተከታተሉ።

ልደቱና ትምህርቱ

አባ ጊዮርጊስ የተወለደው በ14ኛው መቶ ዓመት፣ ዛሬ ወሎ በምንለው አገር ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን ይባላሉ። በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ የተማሩ ካህን ነበሩ። ልጃቸው እንደ እርሳቸው የእግዚአብሔር አገልጋይ እንዲሆን ስለ ፈለጉ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወሰዱት። ይህ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ ብዙ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት፣ በመጻሕፍቱም የታወቀ ታላቅ የትምህርት ቦታ ነው።

ልጆች፣ ታላቅ ሊቅ የሆነ ሰው ገና ከመጀመሪያው ትምህርት የሚቀናው ይመስላችኋል? የጊዮርጊስ እንደዚያ አልነበረም። ገድሉ እንደሚነግረን ሰባት ዓመት ሙሉ ቢማርም ትምህርቱ አልገባው አለ። ጓደኞቹ አልፈውት ሲሄዱ እርሱ ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። መምህሩም ልጁ ትምህርት እንዳልሆነለት አይተው ወደ አባቱ መለሱት። አባቱ ግን ለእግዚአብሔር የሰጡትን ልጅ መልሰው እንደማይወስዱ ተናግረው እንደገና ወደ ገዳሙ ላኩት።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ብዙዎቻችን ትምህርት ሲከብደን መጽሐፉን እናጥፈዋለን። ዛሬ አልገባኝም፣ ነገ አየዋለሁ እንላለን። ነገም ሲመጣ ሌላ ነገ እንቀጥራለን። ጊዮርጊስ ግን ከባዱን ነገር አልሸሸም። እጁንም አጣጥፎ አልተቀመጠም። በገዳሙ እህል እየፈጨ መነኮሳቱን ያገለግል ነበር። የወፍጮ ሥራ እንዴት እንደሚያደክም እናቶቻችሁን ወይም አያቶቻችሁን ጠይቁ። ቀን በሥራ ደክሞ ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ እያለቀሰ ይጸልይ ነበር።

እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያምም ልመናውን ሰማች። ተገልጣለትም የማስተዋል ጽዋ እንዳጠጣችው ገድሉ ይመሰክራል። ከዚያች ቀን ጀምሮ አእምሮው ተከፈተ፤ መጻሕፍትንም ተረዳ።

የተሰጠውን አላስቀመጠም

አሁን ደግሞ ይህን አስተውሉ። ጊዮርጊስ ጥበብ ከተሰጠው በኋላ እንግዲህ ልረፍ አላለም። ያስተምር ጀመር። የዐፄ ዳዊትን ልጆች ካስተማሩት ሊቃውንት አንዱ ሆነ። በኋላም የጋስጫ ገዳም አባት ሆኖ መነኮሳትን መራ። በዚህ ሁሉ መካከል መጻሕፍትን ይደርስ ነበር። አርጋኖንና ውዳሴ መስቀል ከድርሰቶቹ መካከል ይቆጠራሉ። በሐሰት ተከሶ እስከ መታሰር የደረሰበት ጊዜም ነበር፤ ሥራውን ግን አልተወም።

ከሁሉ ይልቅ ስለ ጊዜ የሚያስተምረን መጽሐፈ ሰዓታት ነው። ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ካህናት ሰዓታት ሲቆሙ ሰምታችሁ ይሆናል። ያ ጸሎት የአባ ጊዮርጊስ ድርሰት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ቀኑንና ሌሊቱን በሰባት የጸሎት ጊዜያት ትከፍለዋለች። እነርሱም፦

1. ነግህ፦ ጧት 12 ሰዓት
2. ሠለስት፦ ጧት 3 ሰዓት
3. ቀትር፦ 6 ሰዓት
4. ተሰዓት፦ 9 ሰዓት
5. ሠርክ፦ 11 ሰዓት
6. ንዋም፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት
7. መንፈቀ ሌሊት፦ ከሌሊቱ 6 ሰዓት

እያንዳንዱ ሰዓት የራሱ ጸሎት አለው። የጧቱ ጸሎት ለማታ አይቀጠርም፤ የማታውም ለነገ አይተላለፍም። በዚህ ሥርዓት የሚኖር ሰው ቀኑ እንደ ውኃ ፈስሶ አይባክንበትም።

የመጨረሻው መጽሐፍ

አባ ጊዮርጊስ በሸመገለ ጊዜ ስለ ሃይማኖት የሚነሡ የስሕተት ትምህርቶች እየበዙ ነበር። እርሱም ለእነርሱ መልስ የሚሰጥ መጽሐፈ ምሥጢር የተባለ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። ይህን መጽሐፍ በ1416 ዓ.ም. ፈጸመው። በዓመቱ፣ ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ዐረፈ።

ልጆች፣ እስኪ አስቡት። የሚቀጥለው ዓመት ይሻለኛል ብሎ ቢያቆየው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? መጽሐፉ ሳያልቅ በቀረ ነበር። አባ ጊዮርጊስ የቀረው ጊዜ ምን ያህል እንደ ሆነ ሳይጠብቅ ሥራውን ፈጸመ። ስለዚህ እኛ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ መጽሐፉን አግኝተን እንማርበታለን። ሐምሌ 7 የሥላሴ በዓል በሚከበርበት ቀን ቤተ ክርስቲያናችን እርሱንም ታስበዋለች።

ከአባ ጊዮርጊስ ምን እንማራለን?

- ትምህርት ሲከብደን መተው ሳይሆን መጸለይና መትጋት እንዳለብን፤
- ለእያንዳንዱ ሥራ ሰዓት መመደብ እንዳለብን። እናንተም ለጸሎት፣ ለጥናት፣ ቤተሰብ ለመርዳትና ለጨዋታ ሰዓት ለዩ፤
- የሚከብደውን ትምህርት ሳንደክም አስቀድመን ማጥናት እንዳለብን። ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስ ባይቻል ጥቂት ጀምሩ፤ የተጀመረ ሥራ እንደ ተራራ አያስፈራም፤
- የዛሬን ሥራ ለነገ ማቆየት እንደማይገባን። ነገ የራሱ ሥራ ይዞ ይመጣልና።

የአባ ጊዮርጊስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።

ጥያቄዎች

1. አባ ጊዮርጊስ የተማረበት ገዳም ማን ይባላል?
2. ትምህርት ባልገባው ጊዜ በገዳሙ ምን ይሠራ ነበር?
3. ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት በቃላችሁ ዘርዝሩ።
4. ለነገ እያላችሁ ያቆያችሁት አንድ ሥራ ምንድን ነው? በደብተራችሁ ጻፉትና ዛሬ ማታ ጀምሩት።