ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ አገር በወግ የሸኘው ወታደር

ሐሙስ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.አ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1973) ሻምበል አበበ ቢቂላ አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። ዕድሜው 41 ነበር። ለሞት ያበቃው ከአራት ዓመት በፊት የደረሰበት የመኪና አደጋ መዘዝ የሆነ የአንጎል ደም መፍሰስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሐዘን ቀን አወጁ። በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በተፈጸመው ሥርዓተ ቀብር ላይ እሳቸውን ጨምሮ 65 ሺህ ያህል ሰው እንደተገኘ ይገመታል።

ዓለም አበበን የሚያስታውሰው በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ በመሮጡ ነው። በዚያ ቀን አፈር የለበሰው ግን ከ20 ዓመት በላይ የክቡር ዘበኛ ወታደር የነበረ፣ የአንዲት ሴት ባልና የአራት ልጆች አባት የሆነ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ የሆነውን ለሚያውቅ፣ የዚያ ቀን ቀብር ከአንድ ስፖርተኛ ስንብት የሚበልጥ ትርጉም አለው። ቤተሰብ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሠራዊትና መንግሥት በአንድ መቃብር ዙሪያ ቆመው በግልጽ ማልቀስ ከቻሉባቸው የመጨረሻ አጋጣሚዎች አንዱ ነበርና።

ከጃቶ እስከ ክቡር ዘበኛ

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል አነስተኛ የገጠር መንደር ነው። ዕለቱ በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን የተካሄደበት ቀን ነበር። የጃቶ ሰዎች ግን ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን ሲወር ሕፃኑ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ከጦርነቱ ሸሽቶ ጎሮ ወደምትባል ራቅ ያለች ሥፍራ ተሰደደ። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በንበሩ ከአባቱ ጋር ተለያይተው ሌላ ትዳር መሥርተው ነበር። ቤተሰቡ በኋላ ወደ ቀዬው ተመልሶ እርሻውን ሲቀጥል፣ ልጁም እንደ እኩዮቹ ገና እየተጫወተ አደገ።

በ1940ዎቹ አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ እግረኛ ጦር ተቀጠረ። ክቡር ዘበኛ የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር ብቻ አልነበረም። ለኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃዎች የወጡት ከዚሁ ጦር ነው። የአገሪቱ ስፖርትም በአብዛኛው የተደራጀው በሠራዊቱ ውስጥ ነበር። ወጣቱ ወታደር በየቀኑ ከሱሉልታ ኮረብቶች ወደ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይመላለስ ነበር። ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ዓይናቸውን የጣሉበትም በዚያን ጊዜ ነው። እ.አ.አ. በ1956 በጦር ኃይሎች ሻምፒዮና ከዋሚ ቢራቱ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ።

በመጋቢት 1952 ዓ.ም. ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስን አገባ። ጋብቻው በዘመኑ ልማድ በእናቱ መራጭነት የተፈጸመ ነበር። ሙሽራዪቱም ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከሠርጉ በኋላ ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ባለቤታቸው ስሙ በመላው ዓለም የሚጠራ ሰው ሆነ። ትዳሩ ግን ዝና ሳይበትነው እስከ ሞት ጸና።

በአዲስ ዓመት ዋዜማ

የሮም ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማምሻውን ነው። በኢትዮጵያ አሮጌው ዓመት የሚሰናበትበት ምሽት ነበር። አበበ ሮም ከደረሰ በኋላ የገዛው አዲስ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው፣ ልምምድ እንደለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። እስከ መጨረሻው አብሮት የዘለቀው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር። ወታደሮች ችቦ ይዘው በሚያበሩት መንገድ፣ ፋሽስቶች ከአክሱም ነቅለው ሮም ላይ ባቆሙት ሐውልት አጠገብ አልፈው ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሲቃረቡ አበበ ፍጥነቱን ጨመረ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በሆነ የዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። ከ24 ዓመት በፊት ጦሩ ከተነሣበት ከተማ፣ በወረራው ሕፃንነቱን በስደት ያሳለፈ ወታደር የወርቅ ሜዳሊያ ይዞ ተመለሰ።

ንጉሠ ነገሥቱ የኢትዮጵያን የኮከብ ኒሻን ሸለሙት፤ የአሥር አለቅነት ማዕረግም ተሰጠው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ከሦስት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከግርማሜ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ምድር ጦርና ክቡር ዘበኛ በመዲናዪቱ ጎዳናዎች ተታኮሱ። ሙከራው ሲከሽፍ የግርማሜ ንዋይ አስከሬን በአደባባይ ተሰቀለ፤ ጄኔራል መንግሥቱም በፍርድ ተሰቀሉ። የጦሩ ባልደረቦች ተሰብስበው ሲታሰሩ አበበም ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተፈታ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር አንድ ሰፈር ያደረው ወታደር፣ የሠራዊት ዕጣ በአንድ ሌሊት እንደሚገለበጥ ቀድሞ አይቷል።

ከቶኪዮ እስከ ሜክሲኮ

እ.አ.አ. በ1964 ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠውበት ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ግን፣ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በሆነ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን ገባ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው የደረሰው። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ አበበ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አገር ቤት ሲመለስ የማዕረግ ዕድገትና አንዲት ቮልስ ዋገን መኪና ተሰጠው።

በሜክሲኮ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰለፍ እግሩ ተጎድቶ ነበር። 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋረጠ። ወርቁን የወሰደው የክቡር ዘበኛ ባልደረባው፣ የኮሪያ ዘማቹ ማሞ ወልዴ ነው። በዚያው ውድድር ታንዛኒያዊው ጆን ስቲቨን አክዋሪ ወድቆ የቆሰለ እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ፣ ከአሸናፊው ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ስታዲየም ገባ። የምሥራቅ አፍሪካ ሯጮች ድል ማድረግን ብቻ ሳይሆን መጎዳትንም ለዓለም ያሳዩበት ቀን ነበር።

በተሽከርካሪ ወንበር ላይ

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ የሚያሽከረክራት ቮልስ ዋገን ተገለበጠች። ከውስጧ የወጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። በክቡር ዘበኛ ሆስፒታል ሲመረመር ከአንገቱ በታች ሽባ መሆኑ ታወቀ። ከአንድ ሳምንት በኋላ በእንግሊዝ አገር በአከርካሪ ጉዳት ሕክምና ወደሚታወቀው ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወሰደ። በዚያ በቆየባቸው ስምንት ወራት ንግሥት ኤልሳቤጥ ጎብኝተውታል፤ ከየአገሩ የመልካም ምኞት ደብዳቤ ጎርፎለታል። መጀመሪያ ጭንቅላቱን እንኳ ማንቀሳቀስ ያልቻለው ሰው ቀስ በቀስ እጆቹን ማዘዝ ጀመረ። እግሮቹ ግን ዳግመኛ መሬት አልረገጡም።

አበበ ድሉንም አደጋውንም ከፈጣሪ እንደመጣ አድርጎ መቀበሉ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። መቀበሉ ግን እጅ መስጠት አልነበረም። አደጋው በደረሰ በዓመቱ በስቶክ ማንድቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታዎች ላይ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። እነዚህ ጨዋታዎች ዛሬ ፓራሊምፒክ ለሚባለው ውድድር መሠረት የሆኑ ናቸው። እ.አ.አ. በ1971 ወደ ኖርዌይ የተጠራው በክብር እንግድነት ነበር። እሱ ግን ከተመልካችነት ተወዳዳሪነትን መረጠ፤ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ ተንሸራታች 16 ተፎካካሪዎችን አሸነፈ። ከደጋው የሸዋ ምድር ለወጣ ሰው በረዶውም ውሾቹም እንግዳ ነበሩ፤ መሽቀዳደሙ ግን አዲስ አልነበረም።

በ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ ስታዲየሙ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። የማራቶኑ አሸናፊ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ወርቁን ከተቀበለ በኋላ ወደ ተሽከርካሪ ወንበሩ ሄዶ እጁን ጨበጠው። ቤት ውስጥ ግን ጭብጨባ አልነበረም። የዕለት ተዕለቱ እንክብካቤ በወጣቷ ባለቤትና በቤተሰቡ ላይ ወደቀ። አባታቸው ሲሮጥ ለማየት ዕድሜያቸው ያልፈቀደ ልጆቹ ያወቁት ተቀምጦ ያለውን አባት ነው። ከልጆቹ አንዷ ጽጌ ከዓመታት በኋላ የአባቷን የሕይወት ታሪክ በመጽሐፍ አሳትማለች።

ሽኝቱ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰው ብቻውን አይቀበርም። ካህናት ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳሉ፤ ዕጣን ይታጠናል፤ ወዳጅ ዘመድና ጎረቤት አስከሬኑን ተከትሎ እያለቀሰ ይሸኛል። ከቀብር በኋላም ሠልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት እየተባለ ሟች ይታሰባል። ሐዘንተኛው ቤተሰብ በእነዚህ ቀናት በድንኳን ተቀምጦ ከሚመጣው ሰው ጋር ሐዘኑን ይካፈላል። ሥርዓቱ ለሟች ነፍስ የሚጸለይበት ብቻ ሳይሆን ሕያዋን የሚጽናኑበትም ነው።

ለአበበ በዚህ ላይ ሙሉ ወታደራዊ ክብር ታከለ። በአሥር አለቅነት ኒሻን ያጠለቁለት ንጉሠ ነገሥት በሻምበልነቱ ቀብሩ ላይ ቆሙ። በጃቶ በገና ጨዋታ ያደገው የገበሬ ልጅ፣ አገር በሙሉ በአንድ ሐዘን ሸኘው።

ሳይሸኙ የቀሩት

ያ ሥርዓት ያረፈበት መሠረት ግን እየተናጋ ነበር። አበበ ከመሞቱ ከሳምንት በፊት የወሎን ረኃብ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም በብሪታኒያ ቴሌቪዥን ታይቷል። ከአራት ወር በኋላ አብዮቱ ፈነዳ፤ ዓመት ሳይሞላም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ባለሥልጣናትንና የጦር መኮንኖችን ያለ ፍርድ ረሽኖ በአንድ ጉድጓድ ቀበረ። ካህን አልተጠራም፤ ቤተሰብም አልቀበረም።

በአበበ መቃብር ላይ የቆሙት ንጉሠ ነገሥትም ነሐሴ 1967 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ። ቀብራቸውን ያየ ሕዝብ የለም። አፅማቸው ደርግ ከወደቀ በኋላ ከቤተ መንግሥቱ ቅጥር ግቢ ተቆፍሮ ወጥቶ፣ በመንበረ ፀባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በወግ ያረፈው በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው። የአንድ ወታደራቸውን ቀብር የተካፈሉ መሪ ለራሳቸው ፍትሐት 25 ዓመት ጠበቁ። በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ ብዙ ወላጆች ለልጆቻቸው እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። የልጃቸው አስከሬን የት እንደወደቀ ሳያውቁ ያለፉ እናቶች ጥቂት አይደሉም።

የዚያ ዘመን ጥላ እስከ ማሞ ወልዴም ደርሷል። ደርግ ከወደቀ በኋላ በቀይ ሽብር በተፈጸመ ግድያ ተሳትፏል ተብሎ ታሰረ፤ እሱም አልገደልኩም ብሎ ተከራከረ። ዘጠኝ ዓመት ከታሰረ በኋላ በ1994 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብሎ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ከፍርዱ በላይ ታስሮ ስለነበር ወዲያው ተፈታ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. አረፈ። የተቀበረው በቅዱስ ዮሴፍ፣ በአበበ አጠገብ ነው።

ዛሬ በአበበ መቃብር ላይ የነሐስ ሐውልቱ ቆሟል። ያገለገለበት ክቡር ዘበኛ የለም፤ ያዘዘው ዙፋንም የለም። ወይዘሮ የውብዳርና ልጆቻቸው ግን ሰዋቸውን በቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት፣ በሕዝብ መካከል ቀብረው የት እንዳረፈ አውቀዋል። በዚያ ትውልድ ይህን ለማለት የታደለ ቤተሰብ ሁሉ አልነበረም።